መጣሁ፣ ፑላ

ውሻ ሊሰጡ ለሚመጡ ሰዎች ሁሉ አስቀድሜ በስልክ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። አትሰናበቱ እላቸዋለሁ። ገመዱን ስጡኝ፣ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ተናገሩ፣ ከዚያ ውጡ። የውሻውን አንገት አቅፋችሁ አታልቅሱ፣ ከመኪና መስኮት እጃችሁን አታወዛውዙ። ማልቀስ ያማረው ከከተማው ወጥቶ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርስ ያልቅስ። ሰው እንባውን ውሻ ላይ አራግፎ ሲሄድ፣ ያንን እንባ ሳምንት ሙሉ የማደርቀው እኔ ነኝ።

ክፉ የምመስለው ካለ ይምሰለው። ማርሊስ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ ይዤ የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ አፌ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለዘበም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለውሻ ማኅበራችን አደራ ተቀባይ ሆኛለሁ። ቤት ያጣ ውሻ እኔ ዘንድ ይቆያል፣ ወሳጅ ሲገኝለት ይሄዳል። አደራውን መመለስ አቅቶት ውሻውን ለራሱ ያስቀረ ሰው በእኛ ዘንድ «ወደቀ» ይባላል። የማኅበሩ ኃላፊ ጌይል ደጋግማ ወድቃለች፤ የወደቀችባቸው ሁሉ ሶፋዋ ላይ ተጋድመው ቴሌቪዥን ያያሉ። እኔ ግን ወድቄ አላውቅም፣ በዚህም ትንሽ እኮራለሁ።

ሬይኖ የሚባሉ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው የመጡት በኅዳር፣ የመጀመሪያው ጠንካራ በረዶ በጣለ ሰሞን ነው። ውሻ የምንረከበው ብዙውን ጊዜ በሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ነበር፤ ሰጪው ውሻው የት እንደሚያድር እንዳያውቅ። ነገር ግን ሽማግሌው ዳሌያቸው ተሰብሮ ገና መዳናቸው ስለነበር፣ በረዶ ላይ አቁመናቸው ቢወድቁብንስ ብላ ጌይል ፈራች። ለዛሬ ብቻ አንቺ ቤት ይምጡ አለችኝ። የእህታቸው ልጅ በመኪና አምጥታ በረንዳዬ ድረስ ደገፈቻቸውና፣ ተመልሳ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች።

ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ገቡ። ከጎናቸው አንዲት ትልቅ ሴት ውሻ ነበረች፤ ግማሽ ጎኗ ላብራዶር፣ ግማሹ እግዜር የሚያውቀው፣ ጀርባዋ በደንብ የበሰለ ዳቦ የሚመስል። በመደገፊያው ፍጥነት ልክ ትራመዳለች፤ ሲቆሙ ትቆማለች። ስሟ ፑላ ነበር። እዚህ የብረት ማዕድን አገራችን ላይ ግማሻችን የፊንላንዶች የልጅ ልጆች ነን፤ ፑላ ደግሞ ገና ሲመጣ ሁላችንም የምንጋግረው ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ነው። ስሙን ያወጣችው ሟች ባለቤታቸው አይሊ እንደሆነች ነገሩኝ።

ቡናና ሩባርብ የሚባል ኮምጣጣ ተክል የገባበት ኬክ አቀረብኩ። እኛ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አይበላም፤ ሬይኖም ሁለቴ «ጠግቤያለሁ» ብለው በሦስተኛው ሁለት ቁራሽ በሉ። ከዚያ እንደ ደንቡ ስለ አየሩ አወራን። ከአየሩ ቀጥሎ ስለ መንገዱ፣ ከመንገዱ ቀጥሎ ስለ ተማሪዎች አውቶቡስ ሆነ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ የኖሩት እሱን ነበርና። እስከዚህ ፀደይ ድረስ ነድተዋል። አይሊ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመታት አልፈው ነበር፤ እሳቸው ልጆቹን ለማድረስ ማለዳ ሲወጡ ከአይሊ ጋር የምትውለው ፑላ ናት። አንድም ቀን ከአልጋው ሥር ተነስታ አታውቅም አሉኝ። አይሊ በፀደይ ሞተች፣ በበጋ ሬይኖ ከደረጃ ወደቁ፣ በመጸው ደግሞ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ተገኘላቸው።

«ትንሽ ውሻ ይፈቀዳል አሉኝ» አሉ ሬይኖ። «ድመት ካየች የምትደበቅ ዓይነት። ፑላን ሚዛን ላይ አወጣናትና በውፍረቷ ወደቀች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር ሳጎርሳት የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ፑላ የሳቁትን ሰውዬ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ አገጯን ጫማቸው ላይ ጣለች።

እኛ አገር እንግዳ ሊሄድ ሲል ሁለት ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንግዲህ» ይላል። እንግዲህ አለ ማለት ግን ሄደ ማለት አይደለም። ከወንበሩ ተነስቶ ሌላ ወሬ ይጀምራል፤ በሩ ጋ ሌላ፤ በረንዳው ላይ ሌላ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ ካደረገ በኋላ ደግሞ የረሳውን ዋና ጉዳይ ያነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን «ደህና ሁኚ» የሚለው ቃል ከማናችንም አፍ አይወጣም። ባሌ እንኳ ሆስፒታል ተኝቶ በመጨረሻው ቀን ያለኝ «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ» ነው።

ሬይኖ ግን በስልክ የነገርኳቸውን አከበሩ። ጉልበታቸውን መቱ፣ «እንግዲህ» አሉ፣ ተነሱ፣ ገመዱን እጄ ላይ አኖሩ፣ ወሬ ሳይጨምሩ ወደ በሩ ሄዱ። ፑላን አላዩዋትም። እንዲህ ነው እንጂ ወንድ ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው። በሩን ለመክፈት እጃቸውን ዘረጉ። ያኔ ነው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ ዳቦ ሊገዛ ሱቅ ብቅ እንደሚል ሰው፣ ያንን ቃል ያሉት።

«መጣሁ፣ ፑላ።»

ጀርባቸው ድርቅ ብሎ ቆመ። ያሉትን ራሳቸውም ሰምተውታል። ደህና ሁኚ ማለት የማይችል ምላስ፣ ባዶ እንዳይሆን የለመደውን አወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የኔም ብስጭት አይመልሰውም። ትንሽ ቆዩና በሩን ከፍተው ወጡ። ፑላ ገመዱን ከእጄ ሳብ አድርጋ ሄዳ የጫማ መጥረጊያው ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች፣ አፍንጫዋን በሩ ሥር ወዳለው ክፍተት አስጠግታ።

ከዚያ ወዲያ ከምንጣፉ አልተነሳችም። ተነሳች እንኳ ብል ለሽንት ነው፤ በገመድ አወጣታለሁ፣ ጉዳይዋን ፈጽማ እኔን እየጎተተች ትመለሳለች። ምግብ እዚያው ወሰድኩላት፤ ሳህኑን ሳይሆን በሩን እያየች በላች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ፑላ ግን በእኔ ቤት እየበላች ለሌላ ሰው ነበር የምትኖረው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች አውቶቡስ ማዕዘኑ ላይ ፍሬኑን ሲያፏጭ ትነሳለች፤ ጅራቷ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይላል። አውቶቡሱ ሲሄድ መልሳ ትቀመጣለች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አይታይም ነበር፤ መጣሁ ያላት ሰው ይመጣል፣ አለቀ። እኔን የጨረሰኝ ይሄ ነው። ብታለቅስ ኖሮ አውቅበት ነበር።

የምችለውን ሁሉ ሞከርኩ። «ነይ» አልኳት፣ «በቃ» አልኳት፣ «እንሂድ» አልኳት፤ የተጠበሰ ዓሣ እስከ ሶፋው ድረስ ዘራሁላት። ጆሮ ዳባ ልበስ። ሊያዩዋት የመጡ ባልና ሚስት በላይዋ ተራምደው ገቡ፣ ቡና ጠጡ፣ በላይዋ ተራምደው ወጡ። ሴትየዋ «ደንቆሮ ናት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደንቆሮው ማን እንደሆነ ልነግራት ፈልጌ ኬክ አስያዝኳት።

ቀጥላ የመጣችው ሎርና ነበረች። ፖስታ ቤት ከኋላ ሆና ደብዳቤ የምትለይ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ያረጀ ውሻዋ ዓምና የሞተባት ሴት ናት። ስትገባ በፑላ ላይ አልተራመደችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ተቀመጠችና እሷም በሩን ማየት ጀመረች። አንዲት ቃል አልተናገረችም፣ አልነካቻትም። ስትሄድ ብቻ ለእኔ «ሌላ ቀን ልምጣ?» አለችኝ። ደጋግማ መጣች። ከጊዜ በኋላ ፑላ በሩን እያየች ጀርባዋን የሎርና ጫማ ላይ ታስደግፍ ጀመር። ለጌይል ደውዬ ሰውዋ ተገኘች አልኳት።

በገና ዋዜማ ሰሞን ሎርና ለሙከራ ወሰደቻት። ፑላን ከምንጣፉ ለማንሳት ለሁለት ተሸከምናት፤ እንደ ሶፋ። ቤቴ ባዶ ሲሆን ምንጣፉን አንስቼ አራገፍኩና፣ ሥራው አለቀ ብዬ ሻወር ገባሁ። በማግስቱ አውሎ በረዶ ሲነፍስ ዋለ። ሎርና የምድጃ እንጨት ለማስገባት በሯን ስትከፍት ፑላ በእግሮቿ መሀል ሾልካ ጠፋች።

ከሎርና ቤት እኔ ቤት ለመድረስ ትልቁን አውራ ጎዳና ማቋረጥ ያስፈልጋል። ሎርና በስልክ እያለቀሰች ስትነግረኝ እኔ ጫማዬን እያጠለቅሁ ነበር። በሬን ስከፍት ፑላ በረንዳው ላይ ነበረች፣ ከውጭ በኩል፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። በጣቶቿ መሀል በረዶው ጠጥሮ ቆርጧት የፊት እግሯ ይደማል። አንድ በረዶ ጠራጊ መኪና ከአውራ ጎዳናው ተከትሏት መጥቶ ደጄ ላይ የአደጋ መብራቱን እያበራ ቆሟል፤ ሹፌሩ ወርዶ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። በረዶ ከሚገፋው የብረት መንሻ ፊት በክንድ ርቀት ነው ያለፈችው አለኝ፤ ገድያት መስሎኝ ነበር አለ። ፑላ ሁለታችንንም አልሰማችም። በሩ መከፈቱን ስታይ ገብታ ምንጣፉ ከነበረበት ቦታ፣ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች።

እግሯን እያጠብኩ አለቀስኩ። ሌላ ጊዜ እንደምትሞት አወቅሁ። ቃል የተሰጣት እዚህ በር ላይ ነው፤ የትም ብትሰጥ፣ የትም ብትታሰር፣ አንድ ቀን አምልጣ እዚህ ለመድረስ ያንን መንገድ ታቋርጣለች። ቃሉን የሚያነሳላት ደግሞ የሰጣት ሰው ብቻ ነው።

ለጌይል ደውዬ ነገርኳት። እሷም እንደጠበቅሁት ተቆጣች። የሰጠ ሰውና የተሰጠ ውሻ አይገናኙም፤ የማኅበሩ ሕግ ነው፤ ሕጉንም ያወጣነው ከዚህ በፊት አገናኝተን ያየነውን አይተን ነው አለችኝ።

«እኛ ውሻ አስረካቢ ነን እንጂ አስታራቂ አይደለንም፣ ማርሊስ» አለች። «ቁስሉን ትነካኪዋለሽ፤ የሁለቱንም።»

«ቁስሉ መቼ ደረቀና።»

ጌይል «እኔ ይህንን ስልክ አላነሳሁም» ብላ ዘጋችው።

የአረጋውያኑ መኖሪያ ንጹሕና ሙቅ ነው፤ ኮሪደሩ ድንችና የተፈጨ ሥጋ ይሸታል። ሬይኖ ክፍላቸው ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር፤ መስኮቱ የሚያየው መኪና ማቆሚያውን ነው። ሲያዩኝ ደነገጡ። ሞተች ብዬ ልነግራቸው የመጣሁ ነበር የመሰላቸው።

«ደህና ናት» አልኳቸው ቶሎ ብዬ።

«ትበላለች?»

«ትበላለች። በሩን እያየች።»

«የትኛውን በር?»

«እርስዎ የወጡበትን በር።»

ፊታቸው በራ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አላቸው፤ ደስታው ከአገጫቸው እስከ ጆሯቸው ወጣ። «ስለዚህ እየጠበቀችኝ ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ እንዳላያቸው።

ደሜ ፈላ። ስለ አውሎ በረዶው፣ ስለ መኪናው መንሻ፣ ስለ እግሯ ደም ነገርኳቸው፤ አንዱንም አላለሰለስኩም። ቢያንስ መጥተው ቃላቸውን እንዲያነሱላት ለመንኳቸው።

«ማርሊስ፣ እኔን ዛሬ ማን ይጠብቀኛል?» አሉ። «እዚህ የምጠበቀው ለምሳ ነው። ብቀር ሳህኔን ያነሱታል። ጠዋት ስነቃ አንድ ቦታ አንድ ፍጡር ‹አሁን ይመጣል› እያለ ቁጭ ማለቱን አውቃለሁ፤ ጫማዬን የማስረው በሱ ነው። እሱን ውሰጂብኝ ነው የምትይኝ።»

«አንተ ጫማህን እንድታስር እሷ መኪና ሥር ትግባ?»

አንተ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልተቀየሙኝም፤ እጆቻቸውን ብቻ አገላብጠው አዩ።

«ያን ቀን ቃሉ አምልጦኝ ነው» አሉ። «ግን በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ዞሬ ላነሳው እችል ነበር። እንደምትጠብቀኝ አውቄ፣ ደስ አለኝና ተውኩት።»

አንዲት ሠራተኛ መድኃኒት በትሪ ይዛ ገብታ ወጣች። ሬይኖ ኪኒናቸውን ዋጡ፣ ውኃውን ጠጡ፣ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከዚያ የምትወስዳት ሴት ምን ዓይነት ሰው ናት ብለው ጠየቁኝ።

«አታወራም» አልኳቸው። «ስትመጣ መሬት ላይ አብራት ትቀመጣለች።»

«ፑላ ለፍላፊ አትወድም። አይሊም ዝምተኛ ነበረች።» ወደ ቁም ሣጥኑ ጠቆሙኝ። «ካፖርቴን አቀብይኝ፣ ልጄ። ሐሳቤን ሳልለውጥ እንሂድ።»

መኪና ውስጥ ከነገሩኝ በኋላ ነው ሁሉም የገባኝ። ፑላ በቤታቸው ሁለት ቃል ታውቃለች። ‹መጣሁ› ካሏት በር ላይ ትቀመጣለች፣ ተመልሰው ‹ደረስኩ› እስኪሏት። ጠዋት ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ግን መጣሁ አይሏትም፤ ወደ አይሊ እጃቸውን ጠቁመው ‹ጠብቂያት› ይሏታል። ያኔ ፑላ አልጋው ሥር ትተኛለች፤ አይሊ እጇን ከአልጋው ወደ ታች ትለቃለች፣ ውሻዋ ከእጇ ሥር ትሆናለች።

«ጠብቂያት ካልኳት እኔን ትረሳኛለች» አሉ። «ስወጣ ዞራ አታየኝም። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በሩን አላየችም። አይሊን ‹ለዚች ውሻ እኔ ሹፌር ብቻ ነኝ› እያልኩ እቀልድባት ነበር።» የመስኮቱን ጭጋግ በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አይሊ የሞተች ቀን እኔ ልጆቹን አድርሼ እየተመለስኩ ነበር። ስገባ ፑላ ከእጇ ሥር ነበረች። እጁ ቀዝቅዟል። ደረስኩ እስክላት አልተነሳችም።»

«ታዲያ ወደ ሎርና ጠቁመው ጠብቂያት ቢሏት፣ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«እኔ ስመለስ ነበር የሚያበቃው» አሉ ሬይኖ፣ መንገዱን እያዩ። «እንግዲህ አያበቃም።»

ከመኖሪያው ስንወጣ ደውዬላት ሎርና ቀድማን ደርሳ ውጭ መኪናዋ ውስጥ ትጠብቅ ነበር። በጓሮ በኩል አስገባኋትና ሳሎን ሶፋው ላይ እንድትቀመጥ ነገርኳት። ሬይኖን ግን በዋናው በር አመጣኋቸው፤ በወጡበት መግባት ነበረባቸው።

የመደገፊያው ጎማ የበረንዳውን ጣውላ ሲነካ ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ስንት ውሻ በቤቴ አልፏል፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ጩኸትም አልነበረም፣ ልቅሶም አልነበረም። በሩን ከፈትኩ። ፑላ ቆማ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልዘለለችባቸውም፣ አንድ እርምጃም አልተራመደችም፤ ቃሉ ገና አልተባለማ።

«ደረስኩ» አሉ ሬይኖ።

ከዚያ ቦታ በራሷ ፈቃድ ለቃ ስትሄድ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጭንቅላቷን በጉልበቶቻቸው መሀል ቀበረች፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ጆሮዋ ላይ አኖሩ። ያወጣሁትን ሕግ ሁሉ አንድ በአንድ ጣሱት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ንጹሕ ሲኒ ማጠብ ጀመርኩ። አንዱን ሲኒ ደጋግሜ አጠብኩት። በፋሻ የታሰረው የእግሯ መዳፍ ወለሉን ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ጅራቷም ወንበሩን።

በኋላ ጉልበታቸውን መቱ። «እንግዲህ» አሉ።

ፑላ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ሮጣ ወደ በሩ ሄደች። እየዘለለች በሩን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ መልሳ በሩን አየች። ቤታችን እንሂድ ማለቷ ነበር። ሬይኖ ግን መደገፊያውን ወደ ሳሎኑ አዞሩ። ሎርና ፊት ደርሰው ቆሙና፣ እንደሚያውቋት ሰው፣ እጅሽን ወደ ታች ልቀቂው አሏት። ሎርና እጇን ከሶፋው ጎን አወረደች። ጣቶቿ ድርቅ ብለው ነበር።

«ላላ አድርጊው» አሏት። «እንደተኛ ሰው እጅ።»

ከዚያ ወደ ፑላ ዞረው ጣታቸውን ወደ ሎርና ጠቆሙ። ድምፃቸው ይሰበራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተሰበረም፤ ጠዋት ሥራ እንደሚሄድ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጠብቂያት።»

ፑላ በሩ ጋ ቆማ አየቻቸው። ጅራቷ ቀስ እያለ ወረደ። ሰውየውን አየች፣ የሎርናን እጅ አየች። ከዚያ በሩን ትታ፣ በሰውየው አጠገብ አልፋ፣ ሎርና እጅ ሥር ገብታ ተኛች። ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። የሎርና እንባ አፍንጫዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጇን እንዳታንቀሳቅስ ብላ አልጠረገችውም።

ሬይኖን ካፖርታቸውን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ፤ ክንዳቸው እጅጌውን ማግኘት አቃተው። በሩ ጋ ሲደርሱ ባለፈው ጊዜ እንደቆሙት ቆሙ፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው። ምን እንደሚጠብቁ አወቅሁ። እሳቸው መዞር አይችሉም ነበር፤ ቢዞሩ ትመጣለች። ስለዚህ በእሳቸው ፋንታ እኔ አየኋት። ዓይኗ የሎርና ጫማ ላይ ነበር፣ ጆሮዋም አልተንቀሳቀሰም። በሩን ከፈትኩላቸውና ወጣን።

ከከተማው ወጣን። ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ ጠየቁኝ።

«ዞር አለች?»

አዎ ብላቸው ማን ይፈርድብኛል። አንድ ጊዜ አየችዎት፣ ጅራቷን ነቀነቀች ብላቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በዚያች ውሸት ክረምቱን ይወጡባት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። ግን አንድ ውሻ ለአንድ ቃል ሲል ምን እንደሚሆን አይቼ የመጣሁ ሴት፣ እንዴት ብዬ ልዋሽ?

«አልዞረችም» አልኳቸው።

«ጎበዝ» አሉ። «ጎበዝ ልጅ።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው አለቀሱ፣ እኔም ቀስ ብዬ ነዳሁ። መኖሪያው በር ላይ ስንደርስ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «እንግዲህ» አሉ። መንገዱ ጥሩ ነበር አሉ። ነገ ደግሞ ይጥላል አሉ። ልወርድ ነው ብለው የበሩን መክፈቻ ያዙና መልሰው ለቀቁት፤ ኬኩ ላይ ስኳሩ ትንሽ በዝቷል አሉኝ። በሚቀጥለው እቀንሳለሁ አልኳቸው። «እንግዲህ» አሉ እንደገና። አልወረዱም። እኔም ይውረዱ አላልኳቸውም።